ስካኑ ወረቀቱን አይተካም፤ የመጣበትን መንገድ ግን ያሳያል

ባለፈው ክረምት የእናቴ ቤት ጣሪያ አፈሰሰ። ውሃው የወረደው በቁም ሣጥኑ ላይ ነው። ቁም ሣጥኑ ላይ ሻንጣ አለ። ሻንጣው ውስጥ ደግሞ በፌስታል ተጠቅልሎ በላስቲክ የታሰረ የቤተሰቡ ወረቀት ሁሉ አለ። የአባቴ የሥራ ልምድ፣ የቤቱ ካርታ፣ የእኛ የልደት ሰርተፊኬት፣ የእህቴ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የእድር ደብተር ሳይቀር።

ፌስታሉ ውሃ ያስገባው በአንድ ጥግ ብቻ ነው። ያ ጥግ ግን የአባቴ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ማህተም ያረፈበት ጥግ ሆኖ ተገኘ። ሐምራዊው ቀለም ሟሙቶ ግማሹን ገጽ አልብሶታል። ፊርማው አለ። ማህተሙ የለም። የደብዳቤው ቁጥር የት እንደነበር እንኳን አይለይም። ደብዳቤውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ደግሞ ከሌላ ጋር ተዋህዶ ስሙ ከጠፋ ቆይቷል።

እናቴ ወረቀቱን በጋዜጣ መሃል አድርጋ ፍራሽ ስር አስገባችው። ከዚያ ቁጭ ብላ፣ "ማህተም ከሌለው ምን ዋጋ አለው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያዳነን ወንድሜ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለሌላ ጉዳይ ደብዳቤውን በስልኩ ፎቶ አንስቶት ነበር። ፎቶው የተንጋደደ ነው፣ ጣቱም ገብቶበታል። ነገር ግን ከላይ በቀኝ በኩል ቁጥሩና ቀኑ ቁልጭ ብለው ይነበባሉ። ያንን ይዘን የቀድሞውን መሥሪያ ቤት ዶሴዎች የተረከበው መሥሪያ ቤት ሄድን። መዝገብ ቤት የምትሠራው ልጅ መጀመሪያ "የድሮ ፋይል ማግኘት ከባድ ነው" አለችን። ቁጥሩንና ቀኑን ስናሳያት ግን "እስቲ ቆዩ" ብላ ገባች። በሳምንቱ ቀሪው፣ ማለትም ደብዳቤው ሲሰጥ በመሥሪያ ቤቱ ዶሴ ውስጥ የቀረው ቅጂ ተገኘ። ከቀሪው ላይ ትክክለኛ ግልባጭ ተብሎ ማህተም ተደርጎ ተሰጠን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ስካን ያለኝ ሐሳብ ተለወጠ። ብዙ ሰው ሰነዱን ስካን የሚያደርገው ወረቀቱን ለመተካት ነው። እኛ አገር ግን አይተካውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ (ቁጥር 1205/2012) ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። መስኮቱ ጋ ስትደርሱ የምትጠየቁት ግን አሁንም "ኦርጅናሉስ?" ነው። የስካኑ ትልቁ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው። እያንዳንዱ ወረቀት የአንድ መዝገብ ልጅ ነው። እቤታችሁ ያለው ቢጠፋ እንኳን እናቱ አንድ ቢሮ ውስጥ፣ አንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። ስካኑ ወደ እሷ የሚወስደው መንገድ ነው። ቁጥር፣ ቀን፣ የሰጠው ቢሮ ሙሉ ስም፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት። እነዚህ ካሉ ወረቀቱ እንደገና ሊወለድ ይችላል። ከሌሉ ግን "እዚህ ተሰጥቶኝ ነበር" ማለት ብቻ ነው የሚቀረው፤ በዚያ ደግሞ ማንም ዶሴ አያወጣም።

መንገዱ የሚጠፋው ደግሞ በፍጥነት ነው። የአዲስ አበባን አድራሻ ብቻ ተመልከቱ። በደርግ ጊዜ የተሰጠ ወረቀት "ከፍተኛ" እና "ቀበሌ" ይላል። ከዚያ ከፍተኛው ወረዳ ሆነ። ከዚያ ክፍለ ከተማ መጣ። ቀጥሎ ቀበሌዎቹ ተጣጥፈው እንደገና ወረዳ ሆኑ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆነ። ስለዚህ ቦሌ የተሰጠ ወረቀት ዶሴው ዛሬ ለሚ ኩራ ሊሆን ይችላል። ቤቱ ከቦታው ሳይነቃነቅ አድራሻው ሦስት አራት ጊዜ ተቀይሯል። የድሮው ወረቀት ላይ ያለው ያ ያረጀ የቀበሌ ቁጥር ታዲያ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ዋናው ፍንጭ ነው።

በዚህ ላይ ጊዜው ራሱ ወረቀት የሚያሸሽ ጊዜ ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ብዙ ሰው ዕቃውን ጭኖ ሰፈር ቀይሯል። ዕቃ ሲጫን ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው ትንሹ ፌስታል ነው። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ላይ በተነሳው እሳት ሱቅ ብቻ አልነበረም የነደደው፤ ነጋዴ ደረሰኙንም ውሉንም ሱቁ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። በሰሜኑ ጦርነት ከቀያቸው የተፈናቀሉትን ደግሞ ማስታወስ ይበቃል። ሌሊት ልጅ አዝሎ የሚወጣ ሰው ትራንስክሪፕት አይፈልግም።

"አሁን ፋይዳ አለ፣ ምን ያስጨንቃል?" የሚለኝ ሰው አለ። ፋይዳ፣ ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያው፣ ትልቅ ነገር ነው። የአሥሩንም ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዓይን ምስልና የፊት ፎቶ ወስዶ "ይህ ሰው እሱ ነው" ይላል። ምን እንደተማራችሁ ግን አይልም። ስንት ዓመት እንደሠራችሁ፣ ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ልጁ የማን እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደተጋባችሁ አይናገርም። እንዲያውም ፋይዳ ከባንክና ከሌላው ጋር ሲገናኝ ድሮ ያልታየ ችግር እየወጣ ነው። አንዱ ላይ "ኃይለ ማርያም" ተለያይቶ ተጽፏል፣ ሌላው ላይ ተጣብቋል። አንዱ ላይ የልደት ዘመን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው ላይ በፈረንጅ። ይህንን ለማስተካከል የሚጠየቀው ምንድን ነው? የድሮው ወረቀት።

የልደት ሰርተፊኬት ነገር ራሱን ችሎ የሚነሳ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሕግ የተደነገገው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው ግን ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት ይላል። ከዚያ በፊት የተወለድን ሰዎች አብዛኞቻችን በተወለድንበት ቀን የተመዘገበ ነገር የለንም። ያለን የክርስትና ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የአንደኛ ክፍል ምዝገባ፣ የሆስፒታል የወሊድ ካርድ ነው። እነዚህን ሰው እንደ ቆሻሻ ይጥላቸዋል። አደራ፣ አትጣሉ። አሜሪካ ዘመድ ለመውሰድ የጀመረ ሰው ያውቀዋል። የልደት ሰርተፊኬት ሳይገኝ ሲቀር ወይም ዘግይቶ የወጣ ሲሆን፣ የክርስትናና የትምህርት ቤት ወረቀት ተጨማሪ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። የአማርኛ ወረቀት ከሆነ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ከተርጓሚው ማረጋገጫ ጋር ይያያዛል። ተርጓሚው ደግሞ ማህተሙ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር ማንበብ አለበት። ደብዛዛ ፎቶ እዚህ ላይ ነው የሚያስለቅሰው።

እንግዲህ አነሳሱን እንየው። ስካነር አያስፈልግም። አንድ ሙሉ ኤ-አራት ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲነሳ 2480 በ3508 ነጥብ ይሆናል፤ ወደ 9 ሜጋፒክስል መሆኑ ነው። የዛሬ ስልክ ካሜራ ይህንን ይችላል፣ ወረቀቱ ፍሬሙን ከሞላ። ጉግል ድራይቭ በአንድሮይድም ሆነ በአይፎን ስካን የሚያደርግ አማራጭ አለው። አይፎን ላይ የማስታወሻው መተግበሪያም ያደርገዋል። ጠርዙን ራሱ ቆርጦ፣ ተጣሞ ከሆነ አቃንቶ፣ ፒዲኤፍ አድርጎ ያስቀምጣል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ጠዋት መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ አስጠጋለሁ። የቡና ረከቦት የሚሸፈንበትን ጥቁር ጨርቅ አነጥፋለሁ፤ ነጭ ወረቀት ጥቁር ላይ ጠርዙ ስለሚለይ ነው። የካሜራውን ፍላሽ አጠፋለሁ፤ ማህተሙ ላይ ያበራና ያጠፋዋል። ከዚያ በቀለም ነው የማነሳው። መተግበሪያው "ጥቁርና ነጭ" ላድርገው ሲል እምቢ እላለሁ። ጥቁርና ነጭ ሲሆን ጽሑፉ ያምራል፣ ሰማያዊው ፊርማና ሐምራዊው ማህተም ግን ከታተመው ጽሑፍ ጋር ተቀላቅለው ይጠፋሉ። ደረቅ ማህተም፣ ማለትም ያለ ቀለም ወረቀቱን ተጭኖ የሚቀረጽ ማህተም ካለ ደግሞ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ በጎን አዘንብዬ አንድ ተጨማሪ ፎቶ አነሳለሁ፤ ፊት ለፊት ከተነሳ አይታይም።

ሁልጊዜ ደግሞ ጀርባውን። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ለውጭ አገር ጉዳይ የተዘጋጀ ሰነድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ነው ያለው። የድሮ ወረቀት ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ የዶሴ ቁጥርም አይጠፋም። ባዶ የሚመስለውንም ጀርባ አንሱት።

የፋይሉን ስም "ስካን 14" ብላችሁ አትተዉት። ዓመተ ምሕረቱን፣ የሰነዱን ዓይነትና የባለቤቱን ስም ጻፉበት። ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግልጽ ይሁን፤ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ነው ያለው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ገጽ ማውጫ አዘጋጁ። የሰነዱ ስም፣ ቁጥሩ፣ የተሰጠበት ቀን፣ የሰጠው ቢሮ፣ ኦርጅናሉ የት እንዳለ። ምርጫ ቢሰጠኝ ከመቶ ስካን ይህችን አንድ ገጽ እመርጣለሁ። ምክንያቱም በውልና ማስረጃ በኩል ያለፈ ውል ወይም ውክልና ቅጂው እዚያው ይቀመጣል። ቁጥሩና ቀኑ እጃችሁ ላይ ካለ ማፈላለጉ ቀላል ነው።

አሁን ወደ ማስቀመጫው። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። ስካኑ ስልክ ላይ ብቻ ካለ ፌስታሉን በፌስታል ቀየርነው ማለት ነው። ስልክ ታክሲ ውስጥ ይሰረቃል፣ ይወድቃል፣ ይሞታል።

ፍላሽስ? ፍላሽ ጥሩ ሁለተኛ ነው። ብቻውን ግን አይታመንም። ለዓመታት ሳይሰካ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ያለው ነገር ሊጠፋበት ይችላል። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ሲሰካ ደግሞ ቫይረስ ይይዛል። ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው የተገኙበት ሰው የምለውን ያውቀዋል። የሰነድ ፍላሻችሁ ከራሳችሁ ኮምፒውተር ውጭ የትም አይሰካ። ለማተም ሌላ ፍላሽ ያዙ።

ቴሌግራም የብዙ ኢትዮጵያዊ መዝገብ ቤት ሆኗል። ሰው ፓስፖርቱን፣ ዲግሪውን፣ የልጁን ፎቶ ለራሱ ይልካል። አልፈርድበትም፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ሦስት ነገር ግን እወቁ። አንደኛ፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨምቀዋል፤ የማህተሙ ደቃቅ ፊደል ይሞታል። እንደ ፋይል ላኩት። ሁለተኛ፣ መደበኛው የቴሌግራም ንግግር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው፣ አይደለም። የመግቢያ ኮዳችሁን የሰረቀ ሰውም አካውንቱን ከከፈተ ሁሉንም ያያል። የሁለተኛ ደረጃ የይለፍ ቃል ሳታበሩ ሰነድ አታስቀምጡበት። ሦስተኛ፣ አካውንቱ የተንጠለጠለው በስልክ ቁጥራችሁ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ ካልተከፈተ ደግሞ ራሱን ይሰርዛል።

ይህ ሦስተኛው ነገር በተለይ ለሚሰደድ ሰው ከባድ ነው። አንዲት ልጅ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ሪያድ ትሄዳለች። ጂሜይሏም ቴሌግራሟም የተከፈተው በአገር ቤት ሲም ነው። ሲሙ ሳይሞላ፣ ሳይደወልበት ይቆይና ይዘጋል። ቁጥሩ ሌላ ሰው እጅ ሊገባም ይችላል። ከዚያ አንድ ቀን ስልኳ ይበላሽና በአዲስ ስልክ ልትገባ ስትል "ኮድ ልከናል" ይላታል። ኮዱ የተላከው ለማይሠራው ቁጥር ነው።

ለእሷ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አገራት ብዙ አሠሪዎች የቤት ሠራተኛ ፓስፖርት ይይዛሉ፤ ሕግ በሚከለክልበትም ቦታ ይደረጋል። ፓስፖርቷ በሰው እጅ ያለ ሴት ማንነቷን የምታሳየው በምንድን ነው? የፓስፖርቷ የፎቶ ገጽ፣ የቪዛው፣ የመኖሪያ ፈቃዷና የሥራ ውሏ ጥርት ያለ ቅጂ ካላት ኤምባሲ ሄዳ ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፋንታ የሚሰጥ ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ) ስትጠይቅ ሥራው በእጅጉ ይቀላል። ከሌላት ኢትዮጵያዊት መሆኗን ከማስረዳት ነው የምትጀምረው። ዘመድ የሚልክ ቤተሰብ ከሻንጣው በፊት ይህንን ያዘጋጅ። ቅጂው እሷ ጋ ብቻ ሳይሆን አዲስ አበባ፣ ደሴ ወይም ጅማ ባለ አንድ የሚታመን ሰው እጅም ይሁን።

እኔ የምመርጠው አካሄድ ቀላል ነው። አንድ ቅጂ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ። አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ ሌላ ቤት። አንድ ቅጂ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ። ጉግል 15 ጊጋባይት በነጻ ይሰጣል፤ ለአንድ ቤተሰብ ሰነድ ከበቂ በላይ ነው። ብቻ ለሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት ጉግል ሊሰርዘው ስለሚችል በየጊዜው ግቡበት። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ስታበሩ አሥር የመጠባበቂያ ኮድ ማውጣት ትችላላችሁ። እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ይሠራል። እነዚያን ኮዶች በወረቀት አትሙና ከኦርጅናል ሰነዶቻችሁ ጋር አስቀምጧቸው። ሲሙ ቢጠፋም በእነሱ ትገባላችሁ። ወረቀቱን ስልኩ ይጠብቀዋል፣ ስልኩን ደግሞ ወረቀቱ።

የፎቶ ኮፒ ቤቱን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ባለፈው አንድ ወረቀት ላትም ገብቼ ተራ ስጠብቅ ኮምፒውተሩን አየሁት። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው። የሰው ፓስፖርት፣ የሰው መታወቂያ፣ የሰው ካርታ። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራ ስለሚበዛበት አያጠፋውም፣ በቃ። ግን ማንም ፍላሽ የሰካ ሰው ይዞት ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 1321/2016) ወጥቷል። ሕጉ እዚያ ስክሪን ላይ እስኪደርስ ግን ራሳችሁን ጠብቁ። ስካኑን በራሳችሁ ስልክ አንሱ፣ እነሱ ጋ ማተም ብቻ አድርጉ። በቴሌግራም ከላካችሁላቸው፣ ከታተመ በኋላ ከሁለቱም ወገን አጥፉት። የወረደውንም ፋይል ከኮምፒውተሩ ላይ ከነሪሳይክል ቢኑ እንዲያጠፋላችሁ በትህትና ጠይቁት። እኔ ጠይቄ እምቢ ያለኝ የለም።

ወደ ኦርጅናሎቹ ልመለስ። ላሚኔት አታስደርጉ። ሰው ዲግሪውን ሲወድ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ የሚጎዳውም ይኼው ነው። የሚያረጋግጥ ቢሮ ወረቀቱን በእጁ መንካት፣ ጀርባው ላይ ማህተም ማሳረፍ ይፈልጋል። ደረቅ ማህተም በሙቀቱ ይደፈጠጣል። ላሚኔቱን ልላጥ ካላችሁ ጽሑፉም አብሮ ይነሳል። የባንክና የማሽን ደረሰኝማ ሙቀት ሲነካው ጥቁር ይሆናል፤ ጽሑፉም ከጊዜ በኋላ በራሱ የሚጠፋ ወረቀት ስለሆነ በተሰጣችሁ ቀን አንሱት። ኦርጅናል ግልጽ ፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ገብቶ፣ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከኩሽና ጭስና ከውጭ ግድግዳ ርቆ ይቀመጥ። ከአዲስ ጫማ ጋር የምትመጣዋን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አትጣሏት፣ ሣጥኑ ውስጥ አስገቧት።

አንድ ሰነድ ግን ከሌሎቹ ይለያል። ኑዛዜ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት አንድ ሰው በራሱ እጅ የጻፈው ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ በአዋዋይ (ውል በሚያረጋግጥ ሹም) ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ካልተቀመጠ ፈራሽ ይሆናል። ስካን አድርጋችሁ በአሥር ቦታ ብታስቀምጡትም አይድንም። አባቶቻችን ፍራሽ ስር፣ መጽሐፍ ቅዱስ መሃል ያስቀመጡት ወረቀት ስንቱን ወንድምና እህት ፍርድ ቤት እንዳቆመ የምናውቅ እናውቃለን። ኑዛዜ የጻፈ ሽማግሌ ቤታችሁ ካለ መቼ እንደተጻፈ ዛሬውኑ ጠይቁ።

እናቴ ቤት ሥራው በአንድ ቀን አላለቀም። እሁድ እሁድ ከቡና በኋላ እንቀመጣለን። እሷ ከፌስታሉ እያወጣች ትሰጠኛለች፣ እኔ አነሳለሁ፣ እህቴ ማውጫው ላይ ትጽፋለች። እናቴ አንዱን ወረቀት ስታወጣ ታሪኩን ሳትነግረን አትሰጥም። ይህ የተሰጠ ቀን ዝናብ ነበር፣ ይህን ለማውጣት አባታችሁ ስምንት ቀን ተመላልሷል፣ የዚህ ፈራሚ የእገሌ ጎረቤት ነበር። መጀመሪያ ሥራ ያስፈታን መስሎኝ ነበር። አሁን እህቴ እሱንም በአጭሩ ትጽፈዋለች፤ ፈራሚው ማን እንደሆነ የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት። ካርታው ተነስቷል። ሰርተፊኬቶቹ ተነስተዋል። አዲሱ የአባቴ የሥራ ልምድ ፊትና ጀርባው ተነስቷል፤ ቀለሙ የፈሰሰበት አሮጌውም አብሮት አለ። የቀረው የእድር ደብተሩ ነው። 42 ገጽ ነው፣ ለሚቀጥለው እሁድ ቀጥረነዋል።